በቧንቧ መካከል የገባው የአባታችን ዋንጫ

ከጠረፍ ማዶ በገዳሪፍ ለሚገኙት ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሀብተማርያም ይድረስ።

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ከዚህ ይዘውት የሄዱት የጉልበት ሕመም በቆላው ሙቀት ተሻለዎት ወይስ ባሰብዎት? የአገሩ ወባስ እንዴት አድርጎዎታል? እህል ውሃውስ ተስማማዎት? ባለፈው ጥቅምት ነጋዴው ሙሳ ያደረሰን ወሬ «ደህና ነው፣ ግን ከስቷል» የሚል ብቻ ነበር። እምዬ «ደህና ነው» የሚለውን ትታ «ከስቷል» የሚለውን ይዛ እስከ ዛሬ ትቆዝማለች። እንግዲህ ሲጽፉልን ወፍሬያለሁ ብለው ይጻፉ። ውሸት ቢሆንም ከሩቅ አይታይም።

እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና አለን። እምዬ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው። ላሚቱ ወልዳለች። ገብሱን ውርጭ መታው፣ ባቄላው ተረፈ። እህታችን እመቤቴ ከባሏ ከአያሌው ጋር ያው ታች ሰፈር ናት፤ ሦስተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ናት። ስለ አያሌው የምጽፈው ብዙ ነውና ወደዚያው ልለፍ።

ሲሄዱ ደጃፍ ላይ ቆመው የሰጡኝ አደራ አንድ ብቻ እንደነበር አልረሳሁም። መሬቱን አላሉም፣ ከብቱን አላሉም፤ የአባታችንን ዋንጫ አሉ። አባታችን ከቦራው በሬ ቀንድ በገዛ እጃቸው የሠሩት፣ በማኅበር ቀን ከእሳቸው በቀር ማንም የማይጠጣበት፣ ሲሞቱም ለበኩር ልጅ ለአንቱ ያለፈው ዋንጫ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ጋሼ፣ ዋንጫው ተቆርጧል። የቆረጥሁትም እኔ ነኝ። ከፊት የነገርሁዎት መሐል ላይ ደርሰው እንዳይደነግጡ ነው፤ አሁን ተረጋግተው ያንብቡ።

እዚህ ያለው የጣሊያን ጦር ሹም አትክልት ወዳድ ሰው ነው። ከምሽጉ በታች ሰላጣና አበባ ተከለ፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የዓሣ ኩሬ አሠራ። ዓሣውን ከጣና በበርሜል አስመጣው። ሊበላው ነው ብለን ነበር፤ ለካ ለማየት ኖሯል። አመሻሽ ላይ ወንበር አስወጥቶ ዓሣ ሲያይ ይቀመጣል። ኩሬውን የገነባው አያሌው ነው። ግንበኛ መሆኑን ሰምተው መጥተው ወሰዱት እንጂ እሱ ሄዶ ሥራ አልለመናቸውም። ይህን የምጽፈው እዚያ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ቢመጣብዎ ብዬ ነው።

ውሃው ከኢየሱስ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ በብረት ቧንቧ ይመጣል ተባለ። ቧንቧው ግን ሁለት ዓይነት ሆነ። መጀመሪያ የመጣው እንደ ሴት ክንድ የወፈረ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ አለቀ። ኋላ የመጣው ደግሞ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ቀጭን። ሁለቱን የሚያጋጥም፣ በአንድ ወገን ሰፊ በሌላው ወገን ጠባብ የሆነ ብረት አለ አሉ። እሱን የጫነው መኪና ገሳይ ላይ ቀረ። የገሳይን መንገድ አንቱም ያውቁታል። መኪናውን ያስቀሩት ሽፍቶች ናቸው ይላሉ፤ እኛም በደብዳቤ ስንጽፍ ሽፍቶች እንላለን።

ሹሙ መታገሥ አልቻለም፤ አያሌውን እንደምንም አጋጥመው አለው። አያሌው ቀጭኑን በወፍራሙ አፍ ከትቶ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ሬንጅ ለቀለቀበት። የውሃው ጉልበት ሲመጣ ጨርቁም ሬንጁም ተፈናቅሎ ወጣ። ጎርፉ ያንን ሁሉ ሬንጅና አፈር ይዞ ኩሬው ውስጥ ገባ። ሹሙ አመሻሽ ላይ ወንበሩን ይዞ ሲመጣ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ አገኘው። ሆን ብለህ ነው ብሎ አያሌውን አሰረው። አስተርጓሚው ለእመቤቴ እንደነገራት፣ ከጎንደር ትልቁ አለቃ ለጉብኝት ሊመጣ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ውሃው ኩሬው ከገባ አያሌው ይፈታል፣ ካልገባ አለቃው ሲመለስ አስሮ ይዞት ይሄዳል። ታስረው ወደ ጎንደር ከሄዱት ውስጥ እስከ ዛሬ የተመለሰ አላየንም።

እኔ ሄጄ የሁለቱን ቧንቧ አፍ በስንደዶ ለካሁ። በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሲሉ ጊዜ፣ ይህማ በየበሬው ራስ ላይ በቅሎ የለም ወይ አልሁ። ዕድሜ ልኬን ዋንጫ የሠራሁ ሰው ሌላ ምን ሊታየኝ። አስተርጓሚው ቀንድ ስለው ሳቀ፤ ሹሙ ግን ይሞክር አለ። የጦሩ ከብት ከሚታረድበት ትኩስ ቀንድ አምጥቼ፣ ቀቅዬ፣ ውስጡን አውጥቼ አጋጠምሁት። ውሎ አድሮ ውሃውን ጠጣና ለዘበ፤ አፉ ተከፈተና ቧንቧውን ለቀቀ። እርጥብ ቀንድ እንደማይታመን አባታችን ስንት ጊዜ ነግረውናል! የሚያስፈልገው ዓመታት ጭስ የጠገበ፣ ቅቤ የጠጣ ቀንድ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ድግስ ስለጠፋ ዋንጫ የሚያሠራ የለም፤ ቤት የቀሩኝ ቀንዶች ከማንኪያ በላይ የማይወጣቸው ናቸው። አንበሳሜ ገበያ ድረስ አስፈለግሁ፤ አፉ የሚበቃ አልተገኘም።

እመቤቴ ልጇን አዝላ መጣችና ከእምዬ አጠገብ ተቀመጠች። ዋንጫው ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሦስታችንም ቀና ብለን አላየነውም፤ አለማየታችን ራሱ ያስታውቅ ነበር። ኋላ እምዬ ተነሣች። አወረደችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ዋንጫ የሚባለው የሚጠጣበት ሰው ሲኖር ነው። ቁረጠው» አለችኝ።

የጋሼ አደራ ነው ብላት፣ ጋሼን የወለድሁት እኔ ነኝ አለችኝ። መጋዙን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት። ለሰው በአንድ ጊዜ ቆረጥሁት እላለሁ፤ ለአንቱ ግን አልዋሽም። ጠባቡን ወገን ቀጭኑ ቧንቧ ልክ ከሚገባበት ላይ ቆረጥሁት። ሰፊውን አፍ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆይቼ እንደ ለሰለሰ ወፍራሙ ቧንቧ ላይ ገፋሁት፤ ሲቀዘቅዝ ነክሶ ያዘው። በቀጭኑ በኩል የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም ነክሬ ጠመጠምሁበት። ከዚያ በጭቃና በድንጋይ ቀበርሁት። አባታችንን ስንቀብር ያደረግሁትን ያህል ተጠነቀቅሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ውሃው ሄደ፤ አልለቀቀም። ከጎንደር የመጣውም አለቃ ኩሬውን ጥቂት ቆሞ አየና አለፈ። አያሌው ተፈታ። የፊት ጥርሱ ወልቋል። ሴት ልጁን ታቅፎ ፀሐይ ላይ ይውላል። ጋሼ፣ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ምሰሶውን ሳይ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል።

ያላሰብሁት ነገርም መጣ። ወፍራሙ የሚያመጣውን ቀጭኑ ሊውጠው አልቻለም፤ ስለዚህ ትርፉ ምንጩ አፍ ላይ ሞልቶ ወደ ታች ሰፈር በሚወርደው በድሮው ቦይ ይፈስሳል። ቧንቧው እስከ ታች ወፍራም ቢሆን ኖሮ ታች ሰፈር ጠብታ አይደርሰውም ነበር። አሁን ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ይቀዳሉ፤ በብልሃትህ አዳንኸን እያሉም ይመርቁኛል። ብልሃት አልነበረም። ምርቃቱን ግን አልመለስሁም።

ሹሙ ሌላ ዓሣ አስመጥቷል። እንግዲህ ከአባታችን ወዲህ ከአንቱ በቀር ማንም ያልጠጣበት ዋንጫ፣ ዛሬ የጣና ዓሣ ይጠጣበታል። አባታችን ቢያዩ ይስቁ ነበር እላለሁ እኔ። ይሳደቡ ነበር ትላለች እምዬ። እሷ ታውቃቸዋለች።

የቆረጥሁትን ጫፍ አልጣልሁትም። ፈለፈልሁት፣ አለሰለስሁት፣ ትንሽ መለኪያ ወጣው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሙሳ እጅ ይደርስዎታል። ሹል ስለሆነ መሬት ላይ አይቆምም፤ አንዴ ከተቀዳበት ሳይጨርሱ አያስቀምጡትም። ወደ አገርዎ ሲመለሱ ይዘውት ይምጡ። ሌላውን እኔ ካለበት ቆፍሬ አወጣዋለሁ፤ ማጋጠሙን ለእኔ ይተዉት።

አያሌው ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሥቷል። እመቤቴ እግርዎን ስማለች፤ ሕፃኒቱንም ሳያዩዋት እንዳታድግብዎ ትላለች። አብረዎት ላሉት ያገራችን ሰዎች ሁሉ፣ በተለይ ቤቱን ለሰጠዎት ለዑመር፣ ሰላምታችንን ያድርሱልን።

እምዬን ምን ልበልልሽ አልኋት። መለኪያውን ልጠቀልል ስል ከእጄ ተቀበለችኝና ጠላ ቀድታበት አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ሳታጥበውም መለሰችልኝ። ለሰው ሲሰጡ ቀምሶ መስጠት የቤታችን ወግ መሆኑን ያውቃሉ። እሷ ቀምሳለች፤ የቀረው የአንቱ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ አድማሱ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.