ለአያትህ ያልመለስከው

ሰኔ 9፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ በርትቷል ስላልከኝ ሹራብ እየሠራሁልህ ነው፤ እጅጌው ይቀረኛል። እኔ ደህና ነኝ። አያትህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ የስፌት መኪናዬን ወደ ክፍላቸው አዛውሬያለሁ።

ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ የእኛን ቋንቋ ረስተዋል። የቀራቸው የልጅነታቸው፣ የአባትህ ቋንቋ ብቻ ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸውም ነግሮኛል።

ስለ ቋንቋዎች የሚያወራ መጽሐፍ ተውሼ እያነበብኩ ነው። ድሮ «ይሄ ቋንቋህ ሰዋስው እንኳ የለው» እያልኩ አባትህን አበሽቀው ነበር። ለካስ አለው። «እኛ» ለማለት ሁለት ቃል አላቸው፤ አንዱ የሚሰማውን ሰው ይጨምራል፣ ሌላው ያስቀረዋል። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ እንዲህ ያለውን ጥልፍልፍ ይዞ ይቆያል፤ ብዙ ባዕድ የሚማረው ግን እየተገፈፈ ይቀላል። ሌሎቹ አይስማሙም። አንተ ያለህበት አገር «አንተ»ም «አንቺ»ም በአንድ ቃል መባላቸውን ስትጽፍልኝ ስቄ ነበር። አባትህ ቢኖር «ታዲያ ምን ጎደለባቸው?» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ በየቤቱ እየዞረች የምትሸጠው ሽንኩርት ሻጭ መጣች። የአያትህን ቋንቋ ማወቋን የሰማሁት በራፉ ላይ ሆና ስትመልስላቸው ነው። እጇን ይዘው ብዙ አወሯት። እሷም ሳቀች።

«ኧረ እትዬ፣ ጉድ ነው! ‹የልጅ ልጄ ዱዳ ነው ወይ?› ይላሉ እኮ። ‹ሕፃን ሆኖ ስንት ሳወራው አንድ ቀን አልመለሰልኝም› ነው የሚሉት።»

«አባቱ ሥራ ይበዛበት ስለነበር አላስተማረውም በያቸው» አልኳት።

ነገረቻቸው። አያትህ ረጅም ጊዜ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሾርባውን አሁንም ከእጄ ይቀበላሉ፤ ግን አያዩኝም።

አባትህ ከሥራ ሲመለስ አልጋህ ጫፍ ተቀምጦ በዚያ ቋንቋ ሲያጫውትህ ትዝ ይልሃል? እኔስ በሩ ላይ ቆሜ «ልጁን አታደናግርብኝ» ያልኩትን? ከዚያ ወዲያ ተወው። አልተጣላንም፤ ዝም ብሎ ተወው።

የፊታችን እሁድ ደውል። ሽንኩርት ሻጯ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። መጀመሪያ ድምፅህን ይስሙ፣ ዱዳ አለመሆንህን ይወቁ። «ለምን አልመለስክልኝም?» ካሉህ ግን እኔ ያልኩትን አትድገም። እውነቱን ንገራቸው። እኔም ከክፍሉ አልወጣም።

በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብህ፤ ያንኳኳኸው በር ይከፈትልህ።

እናትህ