ለጋሼ ነስሩ የጋብቻ ፈቃድ

ሰኞ
አጎታችን ሱልጣን በጠዋት ከሞርሲቶ መጡ። ቁርስ አቅርቤላቸው አልነኩትም። "ሞግዚቷ አንቺ ነሽ። እምቢ በይ፣ በዚያው ያልቃል" አሉኝ።

ጋሼ ነስሩ ላግባ ብሏል። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን ሲሞት አይሱዙ እየነዳ ያስተማረኝ እሱ ነው። መኪናው ተገልብጦ ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ ንግግሩ ይጎተታል፣ ቀን ይጠፋበታል፣ ያባበለው ሰው ያመጣለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። ፍርድ ቤት ብቻውን ውል እንዳይዋዋል ከልክሎ እኔን ሞግዚት ያደረገኝ ለዚህ ነው። እንዲህ የተከለከለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት አይችልም። ማመልከቻ አስገብተናል፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ሴትዮዋ ራቢያ ትባላለች። ጃጁራ ቅቤ ትነግዳለች፣ ባሏ ሞቶባታል። ጋሼ ሆስፒታል ተኝቶ ጓደኞቹ ከመጠየቅ አንድ በአንድ ሲቀሩ እሷ አልቀረችም።

አጎቴ "በስሙ ያለውን ቤት አይታ ነው" አሉ። እኔም አስቤው አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል።

ማክሰኞ
ሱቄን ዘግቼ ጠበቃው ጋ ሄድኩ። እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ፍርድ ቤቱ ነው አለኝ። የእኔ ግዴታ ጤናውን መጠበቅ፣ ንብረቱን ከራሴ ጋር ሳልቀላቅል መያዝ፣ ለእሱ የሚበጀውን ማየት፣ ስጠየቅም እውነቱን መናገር ነው። ቤቱን እኔም ብሆን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አልችልም፤ ጋሼ ቢያገባም ይህ አይቀየርም።

በቤቱ በኩል ቀለል አለኝ። እውነቱን መናገር የሚለው ግን ከበደኝ።

ረቡዕ
ሥራ እጄ ላይ አልሄደልኝም። ጋሼ አንዳንዴ ክፉኛ ይቆጣል። በክረምት ሳህን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰባብሮ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አንዴም ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠፍቶ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ አግኝተው አመጡልኝ። ይህን ራቢያ ፊት ብናገር ትሸሽ ይሆናል። ብደብቅ ደግሞ እሷንም ፍርድ ቤቱንም ማታለል ነው።

መጨረሻ ላይ ልናገር ወይ ብዬ ራሱን ጠየቅኩት። በሀዲይኛ፣ ተናገሪ፣ አትደብቂ አለኝ። ከባድ ነገር ሲሆንበት አማርኛውን ይተወዋል።

ሐሙስ
ዳኛዋ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። የሚችለውንም አልተውኩም፤ ሶላቱን አይዘነጋም፣ መድኃኒቱን ሲሰጡት ይወስዳል፣ ራቢያ ቤት መመላለስ ከጀመረች በኋላ እንቅልፉ ተስተካክሏል። ራቢያ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ዳኛዋ ሲጠይቋት ስለ ቁጣው አስቀድሞ ራሱ እንደነገራት ተናገረች። እኔ አላውቅም ነበር። ለካ ጋሼ ከእኔ ቀድሞ እውነቱን ነግሯታል!

ከዚያ ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረው ለምን ማግባት እንደፈለገ ጠየቁት። አጎቴ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ ቃላቱን እየፈለገ ቆመ።

"ቀን ይጠፋብኛል" አለ። "እሷ ያልመጣችበትን ቀን ግን አውቀዋለሁ።"

ዳኛዋ ቃሉን ጻፉ። ውሳኔው ለነገ ተቀጠረ።

ዓርብ
ተፈቀደ!

ኒካህ ማሰር ይችላሉ ተባለ። ሞግዚትነቱ እኔው ላይ ይቀጥላል፤ የንብረቱን አያያዝም እንደ ቀድሞው ለፍርድ ቤት አስረዳለሁ። አጎቴ የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ቆሙ፣ ከዚያ ጋሼን ትከሻው ላይ መታ አድርገው ለጁምዓ ይዘውት ሄዱ። ይቅርታ አላሉኝም። ግን ጃጁራ ለሽምግልና እሄዳለሁ ብለዋል፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ከራቢያ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ጋሼ ሲቆጣ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። አልመልስለትም፣ አጠገቡ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ አልኳት። የሚያስፈራውን ጠየቀችኝ፣ የሚወደውን ጠየቀችኝ። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልወጣትም። በሐሳቤ አፈርኩ።

አብረን ስንኖር እንጋጭ ይሆናል። ሐኪም ጋ ማን እንደሚወስደው፣ የማን ቃል እንደሚበልጥ ገና አላውቅም። ግን እስከ ዛሬ፣ እኔ ብታመም ጋሼ ምን ይሆናል የሚለውን ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ነበር የምፈራው። አሁን የምንፈራው ሁለት ነን። አልሐምዱሊላህ።