ዜሮ ስመልስልህ ከረምኩ

ለወንድሜ ለሕዝቅኤል

እንዴት ሰነበትክልን? ጤናህስ? የጆሃንስበርግ ሙቀት በረታብህ ወይስ ቀለለ? ምግብስ ይበላልሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ደህና ነን አላልኩም፤ ይህን ቃል አንተ ላይ ጨርሼዋለሁ።

የአባዬን ማረፍ ከፌስቡክ ካየህ ወዲህ ስልካችንን አታነሳም። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ወደ ሱቅ ጓደኛህ ወደ ጁነዲን ስልክ እልከዋለሁ። ያኔ አጎታችን ተረፈ “በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል” ብሎ እንዳንነግርህ ከለከለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛን ግን ፌስቡክ አጠራው።

በደወልክ ቁጥር “አባዬ ማሳ ወርዷል፣ ተኝቷል፣ ሰላም ብሎሃል” የምልህ እኔ ነበርኩ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። በቀብሩም አላለቀስኩም። ውስጤ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ቢቆነጥጡት አይሰማም።

የመመረቂያ ሥራዬ ኢሙሌተር ነው፤ አንድን ፕሮሰሰር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም። በውስጡ የሚሮጠው ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ሊያነብ ሲል፣ እኔ ዜሮ መልሼለት ዝም ብሎ እንዲቀጥል አደርገው ነበር። ለጊዜው ሰላም ይመስላል። በኋላ ሌላ ቦታ ይወድቅና፣ ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ማን ያውቃል? መምህሬ ወልደየሱስ አይቶ “ኧረ ፍሬሕይወት! ዝም ማሰኘት ማስተካከል ነው እንዴ?” አለኝ።

ትክክለኛው ሌላ ነው። ያችን ትእዛዝ እዚያው ታቆማታለህ። በግማሽ የሠራችውን ወደነበረበት ትመልሳለህ። የትኛውን አድራሻ እንደነካች መዝግበህ ችግሩን ለሚፈታው ክፍል ታስረክባለህ። ሲፈታም ወደሚቀጥለው አታልፍም፤ ያችኑ ትእዛዝ ከመጀመሪያዋ ታስጀምራታለህ። አሁን ይሠራል። ወልደየሱስ ደስ አለው፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። አንተ ብቻ ትዝ አልከኝ።

ባለፈው ሆመቾ እቤት ወርጄ ለእማዬ ነገርኳት፤ ስለ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ስላንተ፣ መርዶውን ብቻህን ከስልክ ላይ እንዳነበብከው። “ልጄን አልፈነው አለቀስን” አለች። ስትመጣ ድንኳኑ እንደ አዲስ እንዲተከል ለእድሩ ተናግራለች። አጎት ተረፈም አንገቱን ደፍቶ “ይሁን” አለ።

እማዬ፣ እህታችን ታንጉት፣ አጎት ተረፈም ሰላም ብለውሃል። ጁነዲንን ሰላም በልልኝ። ከአባዬ የማደርስልህ ሰላምታ የለኝም።

ወንድሜ፣ እባክህ ደውል። “አባዬ የት ነው?” ብለህ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ። ሞቷል እልሃለሁ።

እህትህ ፍሬሕይወት
ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.