ፌስታል ተብሎ የተወረሰው ሰማያዊ ጨርቅ

ቀን፦ ሰኔ 4

ለአካባቢ ጽዳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ፌስታል» ተብለው የተወረሱብኝ የጨርቅ ቦርሳዎች ሳይቃጠሉ እንዲመለሱልኝና የታሸገው ሱቄ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች ከገበያው መግቢያ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ፌስታል መከልከሉን በድምፅ ማጉያ ባስነገረ ማግስት ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ ትእዛዙን ያከበርኩ ነኝ። የነበረኝን ፌስታል አስረክቤ፣ ከልብስ የተረፈኝን ቁርጥራጭ እየገጣጠምኩ፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የገበያ ቦርሳ መስፋት ጀመርኩ።

2. በሱቄ በር ላይ በመጀመሪያ የጻፍኩት «የጨርቅ ቦርሳ እንሰፋለን» የሚል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የመጡልኝ ዚፕ ያለው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የሴት ቦርሳ ፈላጊዎች ናቸው። ሽንኩርት የሚያዝበት ነው ስላቸው «እና ፌስታል ነዋ!» እያሉ ይስቁብኛል። በእኛ ሰፈር ሰው ዕቃ ገዝቶ የሚይዝበት ነገር፣ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ስሙ ፌስታል ነው። ቋንቋውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁምና ጽሑፉን «የጨርቅ ፌስታል እንሰፋለን» ብዬ ቀየርኩት። በማግስቱ ሱቄ በሰው ተሞላ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

3. ግንቦት 16 ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው አፉ ማኘክ ስለማያቆም ገበያተኛው «ማስቲካ» የሚለው ነው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና «ፌስታል» ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቅ ነው፣ በእጅዎ ይዳስሱት ብዬ ለመንኩት። «እኔ የማየው የተጻፈውን ነው እህቴ» አለኝ እንጂ እጁን ከኪሱ አላወጣም። አርባ ሦስት ቦርሳ ሰብስበው ቅጹ ላይ «ፌስታል፣ ቀለሙ ልዩ ልዩ» ብለው መዘገቡ፤ ሱቄንም አሸጉ። ቦርሳዎቼን ጠቅጥቀው የወሰዱበት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ነበር። እሱን ማንም አልመዘገበውም።

4. ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተመላለስኩ። ከመስኮት መስኮት ስንከራተት ቆይቼ በመጨረሻ ያገኘኋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ደንቡ ፌስታል ነው የሚለው፤ ከምን እንደተሠራ አይልም» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ምሳዋን ከፌስታል እያወጣች ነበር። የተወረሰው ዕቃ ሁሉ በመጪው ዓርብ እንደሚቃጠልም የሰማሁት ከእሷ ነው።

5. ተናድጃለሁ። ደጃፋችሁ ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ «ተናድጃለሁ» የሚለውን ቃል «አውጪው እህቴ፣ ቁጣ ማኅተም አያስመታም» ስላለኝ ወረቀቴን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት። ሕግ የጣሰ ሰው ቢቀጣ አይገርመኝም። እኔ ግን የተቀጣሁት አድርጊ ያላችሁኝን ስላደረግኩ ነው! ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ እስከ ዛሬ ከባንኮኒው ሥር ፌስታል እየመዘዘ ይሰጣል። በሩ ላይ ምንም አልጻፈማ።

6. ከአርባ ሦስቱ አንዱ የሚሸጥ አልነበረም። ለናሙና በሩ ላይ በምስማር የሰቀልኩት ሰማያዊው ነው፤ የተሰፋውም ከሟች ባለቤቴ የሥራ ልብስ ነው። ባለቤቴ በዚሁ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት፣ በቦይ ጠራጊዎች ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር እስከ ወገቡ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው ፌስታል ነበር። ቤት ሲገባ እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦም ሰው ለመጨበጥ ያፍር ነበር። «ይሄ ነገር እኮ አይሞትም፤ ቀድሜው የምሞት እኔ ነኝ» ይለኝ ነበር፤ እንዳለውም ሆነ። ልብሱን ለሰው መስጠትም መጣልም አቅቶኝ ሁለት ዓመት ከበር ኋላ ሰቅዬው ኖርኩ። ፌስታል ቀረ ሲባል ግን፣ ይህን ሳያይ መሄዱ እያንገበገበኝ፣ መቀስ አነሳሁበት። የመጀመሪያው ቦርሳዬ እሱ ነው። ኪሱን አልፈታሁትም፤ የጽሕፈት ቤትዎ ዓርማና የባለቤቴ የሠራተኛ ቁጥር፣ 117፣ አሁንም አሉበት። ሰዎችዎ ፌስታል ብለው የመዘገቡት የራሳችሁን ዓርማ ነው።

ስለዚህ፦

ሀ) የሱቄ እሽግ እንዲነሳልኝ፤

ለ) ቅጹ ላይ «ፌስታል» የተባለው «የጨርቅ ቦርሳ» ተብሎ እንዲታረምልኝ። የሱቄን በር ጽሑፍም ጽሕፈት ቤትዎ በወደደው ስም እቀይረዋለሁ፤ ስሙን ብቻ ንገሩኝ፤

ሐ) ቦርሳዎቹ ከዓርብ በፊት እንዲመለሱልኝ አመለክታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እችለዋለሁ፤ ሰማያዊው ግን አይዘግይብኝ። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፌስታል ከቦይ እያወጣ ወደ ማቃጠያው ሲያመላልስ ኖሯል። አሁን ደግሞ የእሱ ልብስ ፌስታል ተብሎ እዚያው እንዲቃጠል አልፈቅድም።

ቁጣዬ እንዳለ ሆኖ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለቦይ ጠራጊዎች ክፍል፣ ቁጥር 117ን ለሚያውቁት