ስኳር የሌለው ወይን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ እንዳለን አለን።

አባትሽ የስኳር በሽተኛነቱን ትቶ የወይን ሊቅ ሆኖልሻል። ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ ራት ሲቀርብ ሳህኑን ይገፋና ጠርሙሱን ይስባል። «ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፤ ደረቅ ወይን ስኳር የለውም» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ እኮ! ሐኪሙ ያለው፣ «አንድ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ብዙም አይጎዳዎትም፤ ኢንሱሊን ተወግተው በባዶ ሆድ ከጠጡ ግን ስኳርዎ ወርዶ ይጥልዎታል» ነው። የእኔ ጀግና ግማሹን ይዞ ግማሹን እዚያው ወንበር ላይ ትቶት መጣ። እኔ ሻዬ ውስጥ ስኳር ስጨምር ግን ሌባ እንደያዘ ሰው ያፈጥብኛል!

ማክሰኞ ከስፌት ቤት ስገባ ላብ አጥምቆት፣ አፉ ተሳስሮ አገኘሁት። ጠርሙሱ ባዶ፣ ሳህኑ ሙሉ። ያንኑ የሚጸየፈውን ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣሁት። ነፍስ ሲዘራ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ምነው ብትተዪኝ?»

«ልተውህና ሳህኑን ማን ሊያጥብልኝ?» አልኩት። ሰነፍ! እስካሁንም አላጠበው።

ስፌቱን ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ። እዚህ ብርሃኑ ይሻላል። የስፌት መኪናዬንም ከእሱ ወንበር ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ።

ልጄ፣ ከእንግዲህ ስትደውዪ በራት ሰዓት ይሁን። አንቺ እየሰማሽው ሳህን መግፋት ያፍራል።

በያለሽበት ሰላም ዋዪልኝ፣ ሰላም እደሪልኝ።

እናትሽ