በቀይ የሰረዝሽው ሰዓት ሠሪ

እህት ዓለም፣
ትምህርት ቤታችን ላይዘጋ ነው መሰለኝ! ካርዱ ላይ የምታዪው ሕንፃ መዝገብ ቤት ነው። ለጋሽ ድርጅቶች በየዓመቱ ለማን ምን እንደሰጡ እዚህ ያስመዘግባሉ፤ ገብቶ ማንበብ ለማንም ይፈቀዳል። እኛ ጋ ቢሆን አንድ ፋይል ለማየት ስንት ቀን «ነገ ተመለሺ» በተባልኩ! እዚህ ግን ሹራብ ሲሠሩ ያገኘኋቸው የመዝገብ ቤቷ እማማ «የቱን ላምጣልሽ፣ ልጄ?» ብለው ክምሩን ፊቴ ዘረገፉት።

ያ ሁለት ዓመት ደጁን የጠናነው ትልቁ ድርጅት ለካ ከድልድይ በቀር ለምንም ሰጥቶ አያውቅም! «ሰዓት ሠሪ ከኛ ጋ ምን አገናኘው?» ብለሽ ከዝርዝራችን በቀይ የሰረዝሽው የሰዓት ሠሪው መታሰቢያ ድርጅትስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰጠው እንደኛው ላሉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው! እማማ እንዳጫወቱኝ ሰውዬው ራሳቸው አይሰሙም ነበር፤ ሰዓቱ መሄዱን የሚያውቁት በጣታቸው ዳስሰው ነው።

ማመልከቻውን እዚሁ ጀምሬዋለሁ። ካርዱ ሞላብኝ፣ ፊደሌም ጉንዳን አከለ። በይ የክፍሉን ሰዓት ከግድግዳው አውርጂና ልጆቻችን ተራ በተራ ጣታቸውን ያሳርፉበት። ሰላምታዬ እሱ ነው።

ለፍላፊዋ