ከስሱ ፊልም የወጣው ሠርጋችን

ይድረስ ለምወድህ ለአለማየሁ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ። ሙት ዓመትህንም በሰላም አወጣን። ፎቶ ቤትህን አከራይቼዋለሁ፤ አሁን ጫማ ይሸጥበታል፣ እንዳይከፋህ። ነጋቲቮችህን ግን ከነብስኩት ቆርቆሯቸው ወደ ቤት አምጥቻቸዋለሁ።

ልጃችን መቅደስ ለእረፍት ስትመጣ አይታቸው፣ «እማዬ፣ ሳይበላሹ ኮምፒውተር ላይ እናስገባቸው» አለችኝ። መጀመሪያ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በተዋሰችው ስካነር ሞከረች። እሱ ለወረቀት የተሠራ ነውና ፊልሙን ጥቁር ብቻ አድርጎ አወጣው። ለፊልም የሚሆነው ስካነር ደግሞ ቢቸና ከየት ይገኛል? ስለዚህ ነጋቲቩን ራሱን በካሜራዋ ማንሳት ጀመረች። ታብሌቷን ነጭ አብርታ አስተኛች፤ በላዩ ወተት የመሰለ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ፊልሙን፤ ካሜራዋን ከላይ ቁልቁል አድርጋ አሰረች። መጋረጃ መዝጋትና በብሩሽህ አቧራ መጥረግ የኔ ሥራ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ስታደርገው የቢቸና ሰው ብቅ ብቅ አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ጎፈሬአቸውንና ያንን ሰፊ ሱሪያቸውን አይተው፣ «ለልጆቼ እንዳታሳዩብኝ» አሉ። ዞር ብለው ደግሞ ስልካቸው ላይ አስላኩት።

ከመጨረሻው ቆርቆሮ የሠርጋችን ፊልም ወጣ። ሞጣ፣ እናትህ ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ ጓደኛህ በካሜራህ ያነሳው ነው። «ብርሃን አላገኘም፤ ስስ ነው፣ ወረቀት ላይ አይታተምም» ብለህ ተስፋ አስቆርጠኸኝ ነበር። የጣልከው መስሎኝ ነበር የኖርኩት። መቅደስ ብርሃኑን ደጋግማ ብታስተካክለው፣ ወረቀት ላይ እምቢ ያለህ ሁሉ ወጣ።

«በሠርጋችን ቀን ቀና ብለሽ አላየሽኝም» እያልክ ዕድሜ ልክህን ከሰኸኛል። እኔ በቬሎዬ ውስጥ አንተን አንተን አያለሁ፤ አንተ እጅህን አንስተህ ጓደኛህን «ሌንሱን አስተካክል» ትለዋለህ። በሁሉም ላይ እንዲሁ ነህ። መቅደስ ስቃ ስታበቃ «እማዬ፣ ረትተሻል» አለች። ብትኖር ይግባኝ ማለትህ አይቀርም ነበር።

ከኋላችን ደግሞ ካሜራ ፊት አልቆምም ሲሉ ኖረው ያለፉት እናትህ አሉ፤ ሳያውቁት ፎቶ ተነስተው፣ እያጨበጨቡ ይስቃሉ። አያቷን አይታ የማታውቀው መቅደስ ብዙ ካየቻቸው በኋላ አገጯን ዳሰሰች። የእሳቸው አገጭ ነው።

ፎቶውን አሳጥበን ሞጣ ለእህትህ ወሰድንላት። ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «መልኳንስ አልረሳሁም፤ ሳቋን ነበር የረሳሁት» አለች። አልቅሰን፣ ተሳስቀን፣ አብረን ምሳ በላን።

መቅደስ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ካሜራዋንና ታብሌቷን ትታልኛለች። አሠራሩን ለምጄዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ቆርቆሮ ጥቂት አነሳለሁ። የድሮ ፎቶውን ሊወስድ ለሚመጣ ሁሉ «ያነሳው ባለቤቴ ነው» እላለሁ። ዓይኔ እስካየ፣ አፌም እስከተናገረ ድረስ ይህን ማለት አልተውም።

ያንተዋ ጥሩወርቅ፤ ከቢቸና